በዶላር የተገዛ ዕቃ ጌሙን ምን ያደርገዋል?

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው። አዲስ አበባ ያለ አንድ ልጅ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ዲያብሎ 2 ሪዘረክትድ የሚባለውን፣ ጭራቅ እየገደሉ ዕቃ የሚሰበስቡበትን ጌም ይጫወታል። ሁለት ወር ሙሉ አብረው ሲለፉ ቆዩ። ከአራቱ አንዱ ጀርመን የሚኖር የአክስቱ ልጅ ነው፤ እሱ አንድ ቀን በካርዱ ከፍሎ ኢኒግማ የሚባል ብርቅ ኃይል የተሠራበት የጌም ጥሩር ገዝቶ መጣ። ከዚያ ወዲህ ጌሙ ደበረኝ ይላል ጠያቂው። «በገዛ ገንዘቡ ነው የገዛው፣ ማንንም አልነካም። ታዲያ ምን ሆኜ ነው የደበረኝ? ቅናት ነው? ደግሞስ ኩባንያው ራሱ በሕጋዊ መንገድ ቢያሻሽጥ አይሻልም ነበር?»

ቅናት አይደለም፤ እሱን ቶሎ እንዝጋው። የእኔ ሥራ የጌም ኢኮኖሚ ነው። የትኛው ዕቃ ከየትኛው ጭራቅ በስንት ግዳይ አንዴ ይውደቅ፣ ወርቁ ከየት ይምጣ፣ በየት በኩል ይውጣ የሚለውን ሳሰላ ነው የምውለው። አንተ የተሰማህን ነገር እኛ በቁጥር እናየዋለን። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስልህ። (ዓመቶቹንም፣ ወሮቹንና ቀኖቹንም በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠራው።)

መጀመሪያ የዚህ ዓይነት ጌም ልቡ የት እንዳለ እንስማማ። ዲያብሎ ውስጥ ታሪኩም፣ ካርታውም፣ ጭራቁም አጃቢ ነው። ዋናው ነገር ጭራቁ ሲሞት መሬት ላይ ምን ተዘረገፈ የሚለው ነው። ዕቃው ወድቆ ስሙን አንብበህ እስክትጨርስ ያለችው ሰከንድ። ልብህ ድው የሚለው እሷ ጋ ነው። ሺህ ጊዜ እርባና ቢስ ነገር ሲወድቅ ቆይቶ አንዴ ጃህ የሚባለው ብርቅ ሩን (ዕቃ ላይ የሚሰካ አስማተኛ ድንጋይ ነው) ጠብ ሲልልህ ከወንበርህ ብድግ ትላለህ። ያንን ደስታ የሠራው ሩኑ ብቻ አይደለም። ከዚያ በፊት ባዶ እጅህን የተመለስክበት ሺህ ጊዜም አብሮ ሠርቶታል።

አሁን ገበያ እናስገባበትና ምን እንደሚሆን በሒሳብ እንየው። ቁጥሩን ለምሳሌ ያህል እኔ ነኝ ያወጣሁት። አንድ ዕቃ በ5,000 ግዳይ አንዴ ይወድቃል እንበል። አንተ በቀን 100 አለቃ ጭራቅ ብትገድል በአማካይ በ50 ቀን አንድ ታገኛለህ ማለት ነው። ጥሩ ነው፤ 50 ቀን የሚያስጠብቅ ነገር አለህ። ግን 100,000 ሰው እንዳንተ እየገደለ ነው። በቀን 10 ሚሊዮን ግዳይ፣ በቀን 2,000 ዕቃ። በወር 60,000። ዕቃው ደግሞ አይበሰብስም፣ አያልቅም፣ አይሰበርም። ሁሉም ገበያ ላይ ይከመራል። ለአንተ ብርቅ የነበረው ነገር ለገበያው ተራ ዕቃ ሆነ። ዋጋውም ይወርዳል፣ ወርዶ ወርዶ የአንድ ምሳ ሒሳብ ይሆናል።

ክፉው ነገር የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ድሮ የወደቀልህን ዕቃ የምታወዳድረው ከለበስከው ጋር ነበር። «ከእኔ ሰይፍ ይሻላል ወይ?» ብለህ ነው የምታየው። ገበያ ከመጣ በኋላ ግን የምታወዳድረው መቶ ሺህ ሰው ሲለፋ ውሎ ካገኘው ምርጥ ጋር ነው። በዚህ ውድድር አንድ ሰው ብቻውን መቼም አያሸንፍም። የወደቀልህ ሁሉ፣ በጣም ቆንጆውም ጭምር፣ በጥቂት ሳንቲም ከሚገዛው ያንሳል። ስለዚህ መሬት ላይ ያለውን ማየት ትተዋለህ፤ ጭራቅ የምትገድለው ዕቃ ልታገኝ ሳይሆን የምትሸጠው ልትሰበስብ ይሆናል። ቅድም ያልኩህ ሰከንድ ሞተ። የገደለው ደግሞ የአክስትህ ልጅ ክፋት አይደለም፣ የገበያው ሒሳብ ነው።

ዶላር ምን ጨመረ ታዲያ? ንግድ ያለ ዶላርም ነበር አይደል? አዎ ነበር። ዲያብሎ 2 በ2000 ሲወጣ የጌሙ ወርቅ ለተጫዋቾች ንግድ ዋጋ አልነበረውም፤ በቀላሉ ይገኛል፣ መያዝ የምትችለው ደግሞ የተወሰነ ነው። ተጫዋቾቹ ራሳቸው ገንዘብ ፈጠሩ። ስቶን ኦቭ ጆርዳን የምትባል ቀለበት መገበያያ ሆነች፣ ልክ ድሮ አባቶቻችን በአሞሌ ጨው እንደተገበያዩት። ትንሽ ናት፣ ቦታ አትይዝም፣ ሁሉም ይፈልጋታል። ገንዘብ ለመሆን ከዚህ በላይ ምን ያስፈልጋል? በራሱ የሚያምር ነገር ነበር።

ግን ቀለበቷ ኢቤይ ላይ በዶላር መሸጥ ስትጀምር አንድ ነገር ተቀየረ፤ የጌሙን ስህተት ማግኘት ደመወዝ ሆነ። ዱፕ የሚሉት ነገር፣ ማለትም በሰርቨሩ ስንጥቅ ገብቶ አንድን ዕቃ ሁለት ማድረግ፣ ድሮ የልጆች ተንኮል ነበር። ዶላር ሲገባበት ቀኑን ሙሉ ሌላ ሥራ ሳይሠሩ ስንጥቅ የሚፈልጉ ሰዎች መጡ። የተባዙ ቀለበቶች ጌሙን አጥለቀለቁት። በ2003 የወጣው 1.10 የሚባለው ማሻሻያ መልኩን ትንሽ ለወጠው። ተጫዋቾች ቀለበቷን ለጌሙ ነጋዴ ሲሸጡ ቁጥሩ ለሁሉም በስክሪን ይታያል፣ በቂ ሲሆን ደግሞ ልዩ ዲያብሎ ይመጣል፤ እሱን የገደለ አንድ ልዩ ጌጥ ያገኛል። ያ ነገር የተባዙትን ቀለበቶች ከገበያ ላይ መጥረጊያ ሆኖ አገልግሏል። እኔ በዚህ ሙያ ውስጥ ካየኋቸው ብልሃቶች ሁሉ የምወደው ይሄንን ነው፤ ፖሊስ ሳይልኩ ሕዝቡ ራሱ የተበላሸውን ገንዘብ አምጥቶ እንዲያቃጥለው አደረጉ። ከዚያ ወዲህ መገበያያው ወደ ሩኖች ዞረ። ዛሬም የምትነግዱባቸው ጃህና በር የሚባሉት ሩኖች የመጡት እንዲህ ነው፤ የአክስትህ ልጅ የገዛው ኢኒግማም ጃህ፣ ኢዝ እና በር ተሰክተው ነው የሚሠራው።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄህ ልምጣ። ኩባንያው ራሱ ቢያሻሽጥስ? ይሄ ተሞክሯል። እንደ ማስተማሪያ የምናነሳው ታሪክም እሱ ነው።

የዲያብሎ ሠሪ ኩባንያ ብሊዛርድ ዲያብሎ 3ን ግንቦት 15 ቀን 2012 አወጣ። ሰኔ 12 ላይ በእውነተኛ ገንዘብ የሚሠራውን ጨረታ ቤት አሜሪካ ውስጥ ከፈተ። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም፤ ሰዎቹም ሌቦች አልነበሩም። «ሰው መነገዱ አይቀርም። በጨለማ ጎዳና ካልታወቀ ሰው ገዝቶ ከሚዘረፍ እኛው ቤት በብርሃን ይግዛ» ነው ያሉት። ሕጉ እንዲህ ነበር፦ አንድ ዕቃ ከ250 ዶላር በላይ አይሸጥም፤ ከጦር መሣሪያና ከልብስ ኩባንያው በአንድ ዕቃ 1 ዶላር ይቆርጣል፤ ገንዘቡን ወደ ፔይፓል ስታወጣ ደግሞ 15 በመቶ ይወስዳል። ከወርቅ ጋር የሚሠራ ሌላ ጨረታ ቤትም ጎን ለጎን ነበር።

የሆነው ግን ያው ቅድም በሒሳብ ያየነው ነው፣ በሚሊዮን ሰው ተባዝቶ። ጌሙ ሲከብድህ መፍትሔው ጌሙ ውስጥ አልነበረም። ስክሪኑን ትዘጋለህ፣ ጨረታ ቤት ትገባለህ፣ የተሻለ ሰይፍ ትገዛለህ፣ ትመለሳለህ፣ ታልፋለህ። በማግስቱ ሲከብድህ እንደገና። አንድ ሳምንት ከጭራቅ ጋር ሳይሆን ከፍለጋ ሣጥን ጋር ስትታገል ታሳልፋለህ።

የጌሙ ዳይሬክተር የነበረው ጄይ ዊልሰን በመጋቢት 2013 በጌም ሠሪዎች ጉባኤ ላይ ቆሞ ጨረታ ቤቶቹ ጌሙን እንደጎዱት በግልጽ ተናገረ። ጥቂት ሰው ብቻ ይጠቀምበታል ብለው አስበው ነበር፤ ሁሉም ማለት ይቻላል ተጠቀመበት። ገንዘቡ ደግሞ ዲያብሎን ከመግደል የበለጠ ምክንያት ሆነ። አንድ ሌላ ነገርም አለ፣ ብዙ ሰው የሚዘለው ግን ለእኔ ከሁሉ የሚበልጥ፦ ከዶላሩ ጨረታ ቤት ይልቅ የወርቁ የባሰ እንደጎዳ ተናግሯል፣ ምክንያቱም ብዙው ሰው የሚገባው እዚያ ነበር። አየህ? ጉዳቱ የሚጀምረው ከካርዱ አይደለም። ማንኛውም ዕቃ በአንድ ቁልፍ ተጭኖ የሚገኝበት ገበያ ካለ ጌሙ ከመሬት ወደ ሱቅ ይሄዳል። ዶላር የሚያደርገው ይህንን ማፍጠንና ሌቦችን መጋበዝ ነው።

ኩባንያው ሲያሻሽጥ ደግሞ ከውጭ ሰው የማይመጣ አንድ ጣጣ ይመጣል። ይሄንን ከውስጥ ሆኜ ስለማውቀው ነው የማጠብቀው። ዕቃ ስንቴ ይውደቅ የሚለውን የሚወስነው ሠሪው ነው። ገበያው ክፍት ከሆነ ዕድሉን ለአንድ ተጫዋች ደስታ ብለህ ከፍ ብታደርገው ገበያው በአንድ ሳምንት ይጥለቀለቃል። ለገበያው ብለህ ብትቀንሰው፣ የማይነግደው ተጫዋች ወር ሙሉ ለፍቶ አንድ ነገር አያገኝም። በሁለት ጌታ መገዛት ነው። በተግባር ሁሌም የሚያሸንፈው ገበያው ነው፣ ምክንያቱም ገበያው ሲበላሽ ጩኸቱ ይበዛል። ብቻውን የሚጫወተው ሰው ግን አይጮኽም፤ ዝም ብሎ ይወጣል። ለዚህ ነው «በገዛ ገንዘቡ ገዛ፣ ማንንም አልነካም» የሚለው አነጋገር ልክ ያልሆነው። አንዴ ገበያው ከገባ ያልገዛውም ሰው ጌም ተለውጧል፤ የእሱም የዕቃ ዕድል የተሰላው ለገዢዎቹ ነው።

በግንቦት 2013 ደግሞ አደጋው ከሌላ አቅጣጫ መጣ። ወርቅ ራሱ በዶላር ይሸጥ ነበር፤ ዋጋው በጣም ወድቆ ስለነበር በ1.0.8 ማሻሻያ አንዱ የሽያጭ ጥቅል ከ1 ሚሊዮን ወደ 10 ሚሊዮን ከፍ ተደረገ። እዚያ ላይ ስህተት ነበረ። ትልቅ የወርቅ ሽያጭ ለጥፎ መሰረዝ ከለጠፉት በላይ ወርቅ ይመልስ ነበር። በሰዓታት ውስጥ ቢሊዮኖች ተፈለፈሉ። ጨረታ ቤቶቹ ተዘጉ፣ ቀናት ፈጀ፤ አጭበርባሪዎቹ ከሸጡት የተገኘው ገንዘብም ለሕፃናት ሆስፒታሎች ለሚረዳ ድርጅት ተሰጠ። እንዲህ ያለ ስህተት ገበያ የሌለው ጌም ውስጥ ቢሆን ቅዳሜ ማታ አስተካክለን እሑድ እንረሳው ነበር። ዶላር ስላለ ግን ባንክ እንደመዘረፍ ሆነ።

መስከረም 17 ቀን 2013 መዝጋታቸውን አሳወቁ፤ መጋቢት 18 ቀን 2014 ሁለቱም ጨረታ ቤቶች ተዘጉ። ከመዘጋታቸው ትንሽ ቀደም ብሎ በየካቲት የወጣው ሉት 2.0 የተባለው ማሻሻያ የሚወድቀውን ዕቃ ብዛት ቀንሶ ጥራቱን ጨመረው፣ ለምትጫወትበት ገጸ ባሕርይ የሚሆን ዕቃም አብዝቶ ማውረድ ጀመረ። ምርጦቹ ዕቃዎች ከአካውንትህ ጋር ታሰሩ፤ አብረውህ ለነበሩት ብቻ፣ ለሁለት ሰዓት ያህል ማካፈል ትችላለህ። ጌሙ የዳነው ያኔ ነው። ብዙ ጥለው የሄዱ ሰዎች ተመለሱ፣ እኔም አንዱ ነበርኩ። የሚወድቀው ዕቃ እንደገና የእኔ ሆነ።

ከጌሙ ውጭ ያለውን ጉዳት ደግሞ ባጭሩ ልንገርህ፣ ምክንያቱም የአክስትህን ልጅ በቀጥታ ይመለከተዋል። ዕቃ ዶላር ሲያወጣ አካውንት ኪስ ይሆናል፣ ኪስ ያለበት ደግሞ ኪስ አውላቂ አይጠፋም። የምትገዛው ሩን ከየት መጣ? አንዳንዱ ቦት፣ ማለትም በሰው ፈንታ የሚጫወት ፕሮግራም፣ ሌት ተቀን ገድሎ ያመጣው ነው። አንዳንዱ ተባዝቶ የመጣ ነው። አንዳንዱ ካንተ ቢጤ ልጅ አካውንት የተዘረፈ ነው። ከዚያም ክፍያው አለ። ሻጩ በተሰረቀ ካርድ የጌሙን አባልነት ይገዛል፣ የካርዱ ባለቤት ባንኩ ጋ ይጮኻል፣ ባንኩ ገንዘቡን ከጌም ኩባንያው መልሶ ይወስዳል።

ይሄ ምን ያህል እንደሚጎዳ ለማየት ረንስኬፕ የተባለውን የኢንተርኔት ጌም ታሪክ ተመልከት። ጃጌክስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ከወርቅ ሻጮችና ከተሰረቁ ካርዶች ጋር ሲታገል ቆይቶ፣ በታኅሣሥ 2007 ዱር በሚባለው የጌሙ ክፍል ውስጥ ተጫዋች ተጫዋችን የሚገድልበትን ነፃነት አነሳ፤ በጥር 2008 ደግሞ እኩል ዋጋ የሌለውን ልውውጥ ገደበ። ለጓደኛህ ስጦታ መስጠት እንኳ አትችልም። ወርቅ ሻጮቹ ተመቱ፣ ግን ጌሙም አብሮ ተመታ፣ ብዙ ሰው ጥሎ ወጣ። በተጫዋቾች መካከል ሕዝበ ውሳኔ ተደርጎ፣ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ድምፅ ተሰጥቶ ነው በየካቲት 2011 ሁለቱም የተመለሱት። የገዢዎቹን ዕዳ ያልገዙት ሦስት ዓመት ከፈሉ ማለት ነው።

ሌላው ምሳሌ ካውንተር ስትራይክ የተባለው የተኩስ ጌም ነው። እዚያ የሚሸጠው ስኪን ነው፤ ጥይትህን አያጠነክርም፣ መልክ ብቻ ነው። ስለዚህ ጌሙን ከውስጥ አላፈረሰውም፣ ልዩነቱን ልብ በል። ግን ገንዘቡ የሚስበው ሰው ያው ነው። በጥቅምት 2019 የጌሙ ባለቤት ቫልቭ፣ ስኪን ያለበትን ሣጥን የሚከፍቱ ቁልፎች ከዚያ ወዲያ ሲገዙ በሰዎች መካከል እንዳይዘዋወሩ ከለከለ። ምክንያቱን ራሱ ጽፎታል፦ ገበያ ላይ ከሚዘዋወሩት ቁልፎች ከሞላ ጎደል ሁሉም ከማጭበርበር የመጡ ናቸው ብሎ ያምናል፤ የወንጀል መረቦች ገንዘብ ማጠቢያ አድርገዋቸዋል። የአንድ ሣጥን መክፈቻ ቁልፍ!

ሻጮቹ ሁሉ ወንጀለኞች ናቸው ግን አልልህም። ይሄ ለእኔ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ኤድዋርድ ካስትሮኖቫ የሚባል ኢኮኖሚስት በ2001 ኤቨርኩዌስት የተባለውን የኢንተርኔት ጌም ዓለም አጥንቶ ነበር። ኢንተርኔት ላይ ዕቃው ከሚሸጥበት ዋጋ ተነስቶ ሲያሰላ የዚያ የሌለ አገር የነፍስ ወከፍ ገቢ 2,266 ዶላር መጣ፤ ከሩሲያና ከቡልጋሪያ መሃል። ሰዉ ያኔ ሳቀ። ከዓመታት በኋላ የቬኔዝዌላ ገንዘብ ሲንኮታኮት ስንት ወጣት ረንስኬፕ ውስጥ አረንጓዴ ዘንዶ እየገደለ ቤተሰቡን አበላ። ለእሱ ያ ወርቅ ዳቦ ነው፣ እኔ ስለ ጌም ውበት ብሰብከው ምን ይለኛል? በዚያው ልክ ደግሞ ሁለት ሥራ የሚሠራ፣ ልጆች ያሉት ሰው አለ። ማታ አንድ ሰዓት ነው ያለው፤ 50 ቀን መጠበቅ አይችልም፣ 20 ዶላር ግን አያጣም። የአክስትህ ልጅ ምናልባት እንዲህ ያለ ሰው ነው። ጀርመን ፈረቃ ምን እንደሚመስል ጠይቀው።

ደቡብ ኮሪያ ሌላ መንገድ ሄዳለች። እዚያ ሊኔጅ የሚባለውን ጌም ወርቅ በእውነተኛ ገንዘብ መነገድ ትልቅ ሥራ ሆኖ ነው የቆየው። ቢሆንም ዲያብሎ 3 እዚያ አገር ፈቃድ ያገኘው የዶላሩ ጨረታ ቤት ተነቅሎለት ነው፤ ዕድል የሚወስነው ዕቃ ወደ ጥሬ ገንዘብ ከተቀየረ ቁማር ይሆናል የሚል ስጋት ነበረባቸው። እውነታቸውን ነው። ጭራቅ በገደልክ ቁጥር ዕጣ እየወጣልህ ነው፤ ዕጣው ብር ካወጣ ምን ትለዋለህ?

ታዲያ መፍትሔ የለም? አለ፣ ለእኔም የሥራዬ ጣፋጭ ክፍል ይሄ ነው። ፓዝ ኦቭ ኤግዛይል የተባለውን ዲያብሎን የመሰለ ጌም የኒውዚላንዱ ግራይንዲንግ ጊር ጌምስ በ2013 ሲያወጣው ለንግድ የሚሆን ወርቅ ጭራሽ አልነበረውም። መገበያያው ኦርብ ነው፤ ኦርብ ደግሞ ዕቃህን ለመቀየር ስትጠቀምበት ይጠፋል። ገንዘቡ ራሱ ይበላል፣ እንደ ጤፍ። አስቀምጠህ ልትነግድበት ወይ ጋግረህ ልትበላው ትችላለህ፣ ሁለቱንም ግን አትችልም። ስለዚህ እንደ ቀለበቷ ተከምሮ አይቀርም። ከዚያ በየጥቂት ወሩ አዲስ ሊግ ይጀምራል፣ ሁሉም ከባዶ። ትናንት በዶላር የተገዛው ጥሩር አዲሱ ሊግ ውስጥ የለም። ንግዱንም ለረጅም ጊዜ ሆን ብለው አድካሚ አድርገውት ኖሩ፤ ለሻጩ መልእክት መጻፍ፣ መጠበቅ፣ ቤቱ ድረስ መሄድ። ተጫዋቹ ያማርራል፣ እኔ ግን ገባኝ፤ ድካሙ ግድብ ነበር። በሐምሌ 2024 የኦርብ መለዋወጫ ሲከፍቱ እንኳ አገልግሎቱን የምትከፍለው ለሌላ ሰው በማይተላለፍ ወርቅ ነው። ያንን ወርቅ ለማግኘት ራስህ መጫወት አለብህ።

ላስት ኢፖክ የሚባለው ሌላ የዚህ ዓይነት ጌም ደግሞ በየካቲት 2024 ሙሉ ሆኖ ሲወጣ ምርጫውን ለተጫዋቹ ሰጠው። ከሁለት ማኅበር አንዱን ትመርጣለህ። አንደኛው የነጋዴዎች ነው፣ እዚያ ትገዛለህ ትሸጣለህ፤ ለመግዛትም ወርቅ ብቻ አይበቃም፣ ጭራቅ እየገደልክ የምትሰበስበው ሞገስ ያስፈልጋል። ሁለተኛው አትነግድም፣ በምትኩ የሚወድቅልህ ዕቃ ይበዛል፣ ይሻላል። ቅድም በሁለት ጌታ መገዛት ያልኩህን ቋጠሮ በቢላ ቆረጡት፤ ለነጋዴው አንድ የዕድል ሠንጠረዥ፣ ለብቸኛው ሌላ። ፍጹም ነው አልልም፣ ግን ስዕሉ ልክ ነው።

እኔ ራሴም ተማሪ ሳለሁ በአንድ ጌም ውስጥ ስድስት ወር የተመኘሁትን ሰይፍ በገንዘብ ገዝቻለሁ። ደስ አለኝ፣ ሁለት ቀን ተጫወትኩበት። በሦስተኛው ቀን ስገባ የምፈልገው ነገር አልነበረም። የምጠብቀው ሰይፍ ነበር ሁልጊዜ የሚያስነሳኝ፣ እሱ አሁን እጄ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ያንን ጌም አልከፈትኩትም። ያንተም መደበር ይሄው ይመስለኛል። እናንተ አራታችሁ አንድ ላይ የምትጠብቁት ነገር ነበራችሁ። ጃህ ለማን ይወድቅ ይሆን እያላችሁ ነበር የምታመሹት። እሱ ገዝቶ ሲመጣ ለራሱ ብቻ ሳይሆን ለአራታችሁም ነው ጥበቃውን የዘጋው። አሁን እሱ በኢኒግማው ኃይል ከክፍል ክፍል ብድግ እያለ ሲዘል እናንተ በእግር ትደርሱበታላችሁ፣ ጭራቁ አልቋል።

ስለዚህ ምን ላድርግ ካልከኝ፣ አትጣሉ። አሁን ያለውን ገጸ ባሕርይ ይዞ ይቀጥል፣ ማንም አይቀማውም። እናንተ ግን አዲስ ላደር፣ ማለትም ሁሉም ከባዶ የሚጀምርበት ዙር፣ ሲከፈት አራታችሁም ከባዶ ጀምሩ፣ አንድ ስምምነት ብቻ አድርጉ፦ ንግድ በአራታችሁ መካከል ብቻ። በር ከወደቀ ለሚያስፈልገው ይሰጣል፣ እንደ እቁብ ተራ ያዙለት። አራት ሰው ገበያውን አያጥለቀልቅም፣ ግን የአንዱ ትርፍ የሌላውን ጉድለት ይሞላል። እኔ ከሥራ ጓደኞቼ ጋር የምጫወተው እንዲህ ነው፣ ሦስት ዓመት ሆነን።

ለአክስትህ ልጅ ደግሞ ዛሬውኑ ንገረው። ሻጩ ጋ የተጠቀመበትን የይለፍ ቃል ሌላ ቦታ ካለ ይቀይር፣ አካውንቱ ላይ በስልክ የሚመጣውን ማረጋገጫ ያብራ፣ ካርዱ ላይ የማያውቀው ክፍያ እንዳለ የወሩን መግለጫ ይይ። የገዛው ሩን የተባዛ ከሆነ ኩባንያው ደርሶበት አካውንቱን ሊዘጋ ይችላል፤ ያኔ ጥሩሩ ብቻ ሳይሆን ሁለት ወር የለፋችሁበት ገጸ ባሕርይም አብሮ ይሄዳል።